ከጎጃም ተነስቶ የፕሮግራም ቋንቋና የደኅንነት ተመራማሪ ለመሆን

ለእንቁጣጣሽ ሞጣ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶላታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ማጥናት ትፈልጋለች። ቡናው ሳይፈላ ጥያቄዋን ጀመረች፦ «ጋሼ፣ ያንተ ሥራ ሃኪንግ ነው ወይስ ፕሮግራሚንግ?»

ሁለቱንም ይነካካል፣ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ከአቦል እስከ በረካ ሳስረዳት ቆየሁ። ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም ይህንኑ የሚጠይቁኝ ልጆች ስላሉ፣ የነገርኳትን በቅደም ተከተል እዚህ ጻፍኩት። መንገዱ ረጅም ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ፒኤችዲ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልጉት።

1. ሥራው ምን እንደሆነ ለዩ

ሲ፣ ጃቫ፣ ፓይተን፣ ረስት፤ እነዚህ የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። ብዙ ሰው ሥራው በእነሱ መጻፍ ነው። የኛ ሥራ ቋንቋዎቹን ራሳቸውን ማጥናት ነው። አንድ ጥያቄ ደጋግመን እንጠይቃለን፦ ፕሮግራሙ የሚለውና ጸሐፊው ያሰበው አንድ ነው ወይ? በሁለቱ መካከል ክፍተት ካለ ሌባ የሚገባው በዚያ ነው።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም። ሰምና ወርቅ እየሰማን ነው ያደግነው። አንድ ድረ ገጽ «ስምዎን ያስገቡ» ይላል እንበል። ተንኮለኛው በሳጥኑ ውስጥ ስም የሚመስል ነገር ይጽፋል፣ መጨረሻው ላይ ግን ለዳታቤዙ የሚሆን ትእዛዝ ይሰካል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ሳይለይ አንድ ላይ ለዳታቤዙ ያቀብላል። ሰሙ የሰው ስም ነው፤ ወርቁ «የተማሪዎቹን ውጤት በሙሉ አጥፋ» ነው። ይህ ጥቃት ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይባላል፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም። በቅኔ ሁለት ትርጉም ውበት ነው። በፕሮግራም ሁለት ትርጉም ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳውን አንድ በአንድ እየፈለጉ መድፈን አንድ ሙያ ነው፣ የተከበረም ሙያ ነው። የፕሮግራም ቋንቋና የደኅንነት ተመራማሪ ግን ሌላ ነገር ይሞክራል። ቋንቋውን ራሱን አስተካክሎ ያ ዓይነት ቀዳዳ ከነጭራሹ እንዳይፈጠር ያደርጋል። ጥቅሙ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ የሚሆኑት የሚመጡት ሜሞሪን በአግባቡ ካለመያዝ ነው። በዓመቱ የክሮም ብሮውዘር ሠራተኞች የራሳቸውን ከባድ ክፍተቶች ቆጥረው ተመሳሳይ ቁጥር አገኙ። ከዚህ ችግር አብዛኛውን ጥሩ ቋንቋ ሊያስቀረው ይችላል፤ ብዙውንም ገና ፕሮግራሙ ሳይሮጥ።

ይህ ጥያቄ ልባችሁን ካልነካው ሌላ መስክ ምረጡ። ከነካው ቀጥሉ።

2. መሠረቱን ያዙ፦ ሎጂክ፣ ኢንዳክሽን፣ ሁለት ቋንቋ

የሚያስፈልገው ሒሳብ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ካልኩለስ ብዙም አያስፈልግም። ዲስክሪት ማት የሚባለውን ኮርስ ግን ለፈተና ብቻ አታጥኑት። ስብስብ፣ ሎጂክ፣ በኢንዳክሽን ማረጋገጥ (ለመጀመሪያው እንደሚሠራ፣ ለአንዱ ከሠራም ለቀጣዩ እንደሚሠራ ማሳየት)፤ እነዚህን ወረቀት ላይ በእጃችሁ መሥራት ልመዱ። በኋላ ስለ ቋንቋ የምታረጋግጡት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በኢንዳክሽን ነው የሚረጋገጠው።

ከፕሮግራም ቋንቋ ሁለት በደንብ ያዙ። አንዱ ፓይተን ይሁን፤ ሐሳብን ቶሎ ለመሞከር ይመቻል። ሁለተኛው ሲ ይሁን፤ ሜሞሪ ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራ ቋንቋ ነው፣ ዛሬም ዓለም በትከሻው ላይ ቆማለች። አምስት ቋንቋ ላይ ላዩን ከማወቅ ሁለቱን ጠልቆ ማወቅ ይሻላል። ኮድ ጽፋችሁ ለማታውቁ ልጆች «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የሚባለው ነፃ ሥልጠና ክፍት ከሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ራሳችሁ መሄድ አለባችሁ።

3. የራሳችሁን ትንሽ ቋንቋ ሥሩ

እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አብዛኛው ተማሪ ደኅንነት ሲባል የሃኪንግ መሣሪያ ዳውንሎድ ማድረግ ይቀድመዋል። መሣሪያው በሌላ ሰው ጭንቅላት የተሠራ ነው። የራሳችሁን ቋንቋ ስትሠሩ ግን «ትርጉም» የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ።

አጎቴ ቅኔ የተማሩት ጎንጅ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግሱን፣ ቀጥሎ አገባቡን ይይዛል ይሉኛል። ከዚያ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ እያደገ መወድስ ይደርሳል። ማንም ከመወድስ አይጀምርም። የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር የኔታ ትርጉሙን ከመስማታቸው በፊት ይይዙታል፦ «ባለቤቱ ማነው? ተሳቢው የት አለ? ማሠሪያውስ?» ማሠሪያ የሌለው ቅኔ ትርጉሙ ቢያምርም አያልፍም። ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን መርምሮ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እናንተም ከጉባኤ ቃናው ጀምሩ።

ቋንቋችሁን በአማርኛ ቃላት ሥሩት። እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ይሁን ዋጋ = 120
ይሁን ብዛት = 3
ከሆነ ብዛት > 2 :
    አሳይ ዋጋ * ብዛት
አለበለዚያ :
    አሳይ ዋጋ

ይህን የሚያስኬድ ፕሮግራም በፓይተን ከ300 እስከ 500 መስመር ይበቃዋል። ሥራው አራት ክፍል አለው።

ሌክሰሩ ጽሑፉን ወደ ቃላት ይቆርጣል። «ይሁን» አንድ ቃል፣ «ዋጋ» አንድ ቃል፣ «=» አንድ ቃል።

ፓርሰሩ ቃላቱን በአገባብ ያያይዛል፣ ውጤቱም ዛፍ ነው። የ«ከሆነ» ቅርንጫፎች ሦስት ናቸው፦ ጥያቄው፣ እውነት ሲሆን የሚሠራው፣ ሐሰት ሲሆን የሚሠራው። ብዙ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ነው። ዛፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሉት።

ኢንተርፕሪተሩ ዛፉን እየወረደ ትርጉሙን ያወጣል። የመጀመሪያው «360» ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የሚሰማችሁን ደስታ አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ እዩት።

አራተኛው ታይፕ ቼከር ነው፤ የኛ ሙያ ልብ ያለው እዚህ ነው። አንድ ሰው ቁጥር በሚገባበት ቦታ «ባሕር ዳር» የሚል ጽሑፍ አስገብቶ ከ10 ላይ ልቀንሰው ቢል፣ ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ታይፕ ቼከሩ ማስቆም አለበት። ማሠሪያው የት አለ እንደሚሉት የኔታ ማለት ነው።

በአማርኛ ስትሠሩ ፈረንጅ የማይገጥመው ችግር ይገጥማችኋል፤ ችግሩ ደግሞ ለምርምር የሚሆን ሀብት ነው። «ሰላም» እና «ሠላም» በቋንቋችሁ አንድ ስም ናቸው ወይስ ሁለት? ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ዩኒኮድ የሚባለው ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓትም በመደበኛ ማስተካከያው አያዋሕዳቸውም። ስለዚህ አንድ ተንኮለኛ «ሠላም» የሚል ሁለተኛ ስም ፈጥሮ ኮዱን የሚገመግመውን ሰው ሊያታልል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በሌሎች ፊደላትና በማይታዩ ምልክቶች እንዲህ ዓይነት ማታለያ እንደሚቻል አሳይተው ብዙ ኮምፓይለሮች እንዲታረሙ ምክንያት ሆነዋል። በፊደላችን ላይ ጠልቆ መሥራት የሚችለው ግን ፊደሉን የሚያውቀው ነው።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «5ን እና 3ን ደምር» እንላለን። ስለዚህ «5 3 ደምር» የሚል አጻጻፍ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፎርዝ የሚባለው ቋንቋ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። ቋንቋችሁን በሁለቱም መንገድ ሞክሩት፣ የትኛው ለታናሽ ወንድማችሁ እንደሚቀል እዩ።

ለዚህ እርምጃ ሁለት ወር ስጡት። ክረምት ላይ ቤት ስትቀመጡ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

4. የራሳችሁን ፕሮግራም በራሳችሁ ላፕቶፕ ስበሩ

አሁን ወደ ሲ ተመለሱ። 16 ባይት የሚይዝ ሳጥን አዘጋጁና «ባሕር ዳር» የሚለውን ገልብጡበት። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። አምስት ፊደል 15 ባይት፣ ክፍት ቦታው 1፣ ድምር 16። ልክ ገባ ትላላችሁ። ግን ሲ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ አንድ ዜሮ ይጨምራል። ያቺ 17ኛ ባይት ከሳጥኑ ወጥታ የጎረቤት ቦታ ላይ ትጻፋለች። ፕሮግራሙ ምንም ላይል ይችላል። ጸጥታው ነው አደጋው።

ባፈር ኦቨርፍሎው የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ኢንተርኔትን ያንቀጠቀጠው የሞሪስ ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም) ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ፕሮግራማችሁን ጂሲሲ በሚባለው የሲ ኮምፓይለር፣ አድረስ ሳኒታይዘር በሚባለው አማራጩ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። የትኛው መስመር ላይ ከድንበር እንደወጣችሁ ቁልጭ አድርጎ ይነግራችኋል።

ማንበብም እንደመጻፍ አደገኛ ነው። ወፍጮ ቤት አስቡ። አንድ ቁና ጤፍ ይዤ እሄዳለሁ፣ ለባለወፍጮው «አንድ ኩንታል ነው ያመጣሁት» እለዋለሁ። ሳይመዝን አምኖኝ ከአጠገቡ ካሉት የሰው ጆንያዎች እየዛቀ ኩንታል ይሞላልኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተገኘው ኸርትብሊድ የሚባለው ክፍተት በትክክል እንዲህ ነበር። ደንበኛው አጭር መልእክት ይልካል፣ ርዝመቱ 64 ኪሎባይት ነው ይላል፣ መልሱልኝ ይላል። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ሶፍትዌር ሳይመዝን ከሜሞሪው የሌሎች ሰዎችን የይለፍ ቃልና ሚስጥራዊ ቁልፍ ሳይቀር እየዛቀ ይመልስ ነበር። ስህተቱ አንድ የርዝመት ፍተሻ መርሳት ነው።

ከዚህ በኋላ ረስትን ተማሩ። የመጀመሪያ ቋሚ ቅጂው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዋናው ሐሳቡ ባለቤትነት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ባለቤት አለው፤ ለሌላው ማዋስ ይቻላል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ሰው ከቦ ሊያነበው ይችላል። ሊያርም ብዕር ያነሳ ሰው ካለ ግን ሌላው ሁሉ ዞር ይላል። ኮምፓይለሩ ይህን ሕግ ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ያስከብራል። የሰበራችሁትን የሲ ፕሮግራም በረስት ጻፉት፣ የትኛውን ስህተት እንደማያሳልፍ፣ የትኛውን ደግሞ ሲሮጥ ብቻ እንደሚይዘው ለዩ። ይህን ልዩነት በጽሑፍ ማስረዳት ከቻላችሁ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሌላ ሰው ሲስተም ላይ ያለ ፈቃድ አትሞክሩ። «ላስተምራቸው ብዬ ነው» አይሠራም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል፤ የወሰዳችሁት ነገር ባይኖርም። አብሮኝ የተማረ ልጅ የአንድ ተቋም ገጽ ላይ ክፍተት አግኝቶ በቅንነት ሊያሳያቸው ሲል ገብቶ ነበር። የገጠመው ምስጋና ሳይሆን ለወራት የቆየ ጣጣ ነው። ክፍተት ድንገት ካያችሁ እዚያው ቁሙ፣ ምንም አትንኩ፣ ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ለልምምድ የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) ይበቃል።

5. ምስጢር እንዴት እንደሚያፈተልክ አጥኑ

ይህ ክፍል እኔ የምወደው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

የንስሐ አባት የሰሙትን አይናገሩም። ይህ ሁላችንም የምናውቀው ሕግ ነው። ግን አንድ ሰው ኃጢአቱን ነገራቸው እንበል፤ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ቃል አልወጣም። ምስጢሩ ግን ወጥቷል። ያየ ሁሉ አንድ ነገር እንዳለ አወቀ።

ፕሮግራምም እንደዚያ ነው። ሥሩ ወዳልኳችሁ ቋንቋ ተመለሱና ሁለት ቃላት ጨምሩበት፦ «ምስጢር» እና «ይፋ»።

ምስጢር ሒሳብ = 48000
ይፋ መብራት = 0
ከሆነ ሒሳብ > 10000 :
    መብራት = 1
አሳይ መብራት

ሒሳቡ በቀጥታ ወደ መብራቱ አልተገለበጠም። መብራቱን ያየ ሰው ግን ሒሳቡ ከ10,000 ብር በላይ መሆኑን አወቀ። ፊት እንደማዞር ነው። ስለዚህ ታይፕ ቼከራችሁ ሁለት ሕግ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ምስጢር የሆነ ዋጋ ይፋ ወደሆነ ስም አይገባም፣ በ«አሳይ»ም አይወጣም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ምስጢር በሆነ «ከሆነ» ሥር ይፋ የሆነ ስም አይቀየርም፣ «አሳይ»ም አይባልም። እነዚህን ሁለት ሕጎች በመቶ መስመር ኮድ ልትጨምሯቸው ትችላላችሁ።

የዚህ ሐሳብ ሥር ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣችው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጎገንና መዘጌር የሚባሉ ተመራማሪዎች ምን ማረጋገጥ እንዳለብን በአንድ ጥርት ያለ ሐሳብ አስቀመጡት፦ ምስጢሩን ብንቀያይረው ይፋ የሆነው ውጤት አይቀየርም። አስተውሉ፤ ይህ ስለ አንድ የፕሮግራም ሩጫ ሳይሆን ስለ ሁለት ሩጫዎች ንጽጽር ነው። አንዱን ሩጫ ብቻ አይቶ «ምስጢር አልወጣም» ማለት አይቻልም። ይህ ነጥብ ሲገባኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ችግሩ ይጀምራል። ሕጉን ድርቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁት የይለፍ ቃል መጠየቂያ እንኳ መጻፍ አይቻልም። «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ማለት ራሱ ከምስጢሩ ጥቂት መግለጥ ነው። ታዲያ ምን ያህል ይገለጥ? በማን ፈቃድ? ጊዜስ? ለአንዱ ቶሎ፣ ለሌላው ዘግይቶ መመለስም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ይፋ የሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን የሚባሉ ክፍተቶች ፕሮሰሰሩ ራሱ በጊዜ ልዩነት ምስጢር እንደሚያፈስ አሳይተውናል። እነዚህ ዛሬም ክፍት የሆኑ ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ ወሰንም እወቁ። ራይስ የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳረጋገጠው፣ ስለ ማንኛውም ፕሮግራም ባሕርይ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ መሣሪያ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ ሠሪ መምረጥ አለበት፦ ጥቂት ደህና ፕሮግራሞችን በስህተት ልከልክል ወይስ ጥቂት መጥፎዎችን ላሳልፍ? ምርጫችሁን በግልጽ ጻፉት። ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው።

የጻፋችሁት ሕግ በእርግጥ እንደሚሠራ በኢንዳክሽን አረጋግጡ። መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ ሮክ (የቀድሞ ስሙ ኮክ) ወይም ሊን በሚባሉ የማረጋገጫ ረዳቶች። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ላፕቶፕ ላይ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ማሽኑ እያንዳንዱን እርምጃ ይመረምራል፤ «ግልጽ ነው» የሚል ሰበብ አይቀበልም።

6. ፔፐር ማንበብ ልመዱ

በዚህ መስክ ዋናው ሥራ የሚታተመው ከመጽሔት ይልቅ በጉባኤዎች ነው። ለፕሮግራም ቋንቋ ፖፕል፣ ፒኤልዲአይ፣ ኦፕስላ ናቸው። ለደኅንነት ዩዝኒክስ ሴኩሪቲ፣ ሲሲኤስ፣ ኤንዲኤስኤስ፣ እንዲሁም ኦክላንድ እየተባለ የሚጠራው የአይትሪፕልኢ የደኅንነትና የግላዊነት ጉባኤ ናቸው። የዩዝኒክስ ጽሑፎች ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። ፖፕልና ፒኤልዲአይም አሁን በነፃ ይነበባሉ።

ስታነቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትግፉ። መግቢያውንና ምሳሌውን አንብቡና ዝጉት። ከዚያ ለጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት። በአማርኛ ማስረዳት ካልቻላችሁ እንግሊዝኛውን ነው የያዛችሁት እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ሌላው ሁሉ በሁለተኛ ንባብ ይደርሳል።

ብቻችሁን አታንብቡ። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ የንባብ እቁብ ግቡ። በየቅዳሜው ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣ የወጣለት የሚቀጥለውን ሳምንት ጽሑፍ ያቀርባል። የባሕር ዳሩ ፖሊ ግቢም ይሁን ፔዳ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን እንጅባራ፣ ነጭ ሰሌዳና አንድ ክፍል ይበቃል።

ኢንተርኔትን አትመኑት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዋይፋይ ባገኛችሁ ቁጥር የሚቀጥለውን ወር ንባብ አውርዱ። የፓይተንና የረስት ሰነዶች፣ ኮምፓይለሮቹ፣ የኦሪገን የፕሮግራም ቋንቋዎች የክረምት ትምህርት ቤት ቪዲዮዎች፤ ሁሉም ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጡ። ለጓደኛም በፍላሽ ስጡ። መብራት ሲጠፋ የወረቀት ማረጋገጫ ይሠራል። እኔ ብዙውን ኢንዳክሽን የተማርኩት በሻማ ነው።

7. የራሳችሁን ጥያቄና የሚያማክራችሁን ሰው ፈልጉ

የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክታችሁን አታባክኑት። ብዙ ተማሪ የሆቴል ወይም የፋርማሲ ማኔጅመንት ሲስተም ይሠራል። እናንተ ሌላ ምረጡ። የተማሪ የፒኤችፒ ኮድ አንብቦ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ሊኖር የሚችልበትን መስመር የሚጠቁም መሣሪያ። ወይም «ሰላም»ና «ሠላም»ን አንድ ቦታ ሲያገኝ የሚያስጠነቅቅ የኮድ መርማሪ። ትንሽ ይሁን፣ ግን የጠየቃችሁት ጥያቄ መልስ ይኑረው፦ ስንቱን ያዘ? ስንቱ አመለጠው? ስንት ጊዜ በከንቱ ጮኸ?

አማካሪ መጀመሪያ ግቢያችሁ ውስጥ ፈልጉ። መምህሩ በትክክል ይህን ዘርፍ ባያጠና እንኳ ምርምር እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል። ከውጭ ደግሞ ሲግፕላን ኤም የሚባል ነፃ የምክር ፕሮግራም አለ። የትም አገር ያለን ተማሪ ልምድ ካለው ተመራማሪ ጋር ያገናኛል፣ ግንኙነቱም በኦንላይን ነው። በትልልቆቹ ጉባኤዎች ላይ ለጀማሪዎች የሚዘጋጅ ፒኤልኤምደብሊው የሚባል ስብሰባም አለ፤ ለተማሪዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል። ሜሪላንድ፣ ኮርኔልና ማክስ ፕላንክ በጋራ የሚያዘጋጁት የቅድመ ዶክትሬት ትምህርት ቤትም ለኛ ዓይነት ተማሪ ይሆናል።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ አጭር ይሁን። ጽሑፉን አንብባችሁ የገባችሁን አንድ ነገር፣ ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ፣ የሠራችሁትን ኮድ አድራሻ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ስኮላርሺፕ ይስጡኝ» የሚል ኢሜይል በቀን አሥር ይደርሳቸዋል። ስለ ሥራቸው የሚጠይቅ ጥያቄ ግን ብርቅ ነው።

8. ማመልከቻውን አዘጋጁ

አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። ፒኤችዲው አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይወስዳል። በኮምፒውተር ሳይንስ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን ይሸፍኑና የወር ወጪ ይከፍሏችኋል። ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው በፈረንጆቹ ዲሴምበር ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ለዚያ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ አንዱ መንገድ ነው። የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የሶፍትዌር ሲስተሞች ተቋም ግን ከመጀመሪያ ዲግሪም ይቀበላል፣ ሥራው በእንግሊዝኛ ነው፣ በፕሮግራም ቋንቋና በደኅንነት ደግሞ የታወቀ ነው።

የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ እንዲነሳላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ብዙዎች ይፈቅዳሉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። «እኔ አስገባልሃለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም አትክፈሉ።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ ጀምሩ። አንዱ ትራንስክሪፕት ነው፤ የኮስት ሼሪንግ ጉዳያችሁ ምን እንደሚጠይቅ ከሬጅስትራር ወራት ቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አብዛኛው ሦስት ይጠይቃል። «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ አይረዳም። ለመምህራችሁ የሠራችሁትን ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፦ ምን ጠየቃችሁ፣ የት ተቸገራችሁ፣ እንዴት ወጣችሁት። መምህር ሥራ ይበዛበታል፤ ከሁለት ወር በፊት ጠይቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ በትሕትና አስታውሱ።

9. ከገባችሁ በኋላ

ቀኑ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ማንበብ ወይም ማረጋገጥ፣ ከሰዓት ኮድ መጻፍ፣ በመካከል ብዙ ነጭ ሰሌዳ። ከፒኤችዲ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ የኩባንያ የምርምር ክፍል፣ ኮምፓይለር የሚሠራ ቡድን ወይም የደኅንነት ቡድን ውስጥ መግባት ይቻላል። አገር ውስጥም ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ባንኮች፣ ቴሌኮሙና የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሰው ገንዘብ በስልክ ውስጥ ነው ያለው። ያንን ኮድ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል።

ጽሑፋችሁ ይመለሳል። ትልልቆቹ ጉባኤዎች ከአራት ወይም ከአምስት ጽሑፍ አንዱን ገደማ ነው የሚቀበሉት። የኔ የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ግምገማው ሲደርሳችሁ አንብቡትና ሁለት ቀን አትንኩት። በሦስተኛው ቀን ሠንጠረዥ አውጡ፦ በግራ ገምጋሚው ያለው፣ በቀኝ እናንተ የምታደርጉት። «አልገባውም» የምትሉት ነጥብ ካለ እዚያ ጋ አጻጻፋችሁን አስተካክሉ፤ እሱ ካልገባው ሌላውም አይገባውም። ሠንጠረዡ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ጉባኤ የመዝጊያ ቀን አይታችሁ ላኩት።